ልጁ ውኃ ለምን አበዛ?

በእንጦጦ ግርጌ የልጆች ስኳር ሕመም የሚታወቅበትና ሳይታወቅ የሚቀርበት መንገድ

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የሚከተል መንገደኛ፣ የሸማኔውን የመወርወሪያ ድምፅና በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ የሚታየውን የሀገር ልብስ ወደ ኋላው ትቶ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ እየበረታ ነፋሱም እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ እመቤታችን ሕፃኗን ታቅፋ በስደቷ ወራት ባረፈችበት በደብረ ቁስቋም ስም ወደሚጠራው ሰፈር ይደርሳል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚዘልቀው ወርኃ ጽጌ በዚህ አጥቢያ ልዩ ክብር አለው፤ ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ፣ ከምእመናኑም ብዙዎቹ በፈቃድ የሚጾመውን የጽጌን ጾም ይጾማሉ፣ ኅዳር 6 ቀን በዓሉ ሲደርስ ደግሞ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ዳገቱን ይሞላዋል። በዚያ ሕዝብ መካከል የታመመ ልጇን አዝላ የምትወጣ እናት ታጥታ አታውቅም።

ከዚህ በዓል ጎን የሚውል ሌላ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን የዓለም የስኳር ሕመም መታሰቢያ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት በኅዳር 5፣ ማለትም በቁስቋም ዋዜማ ይውላል። ቀኑ የተመረጠው ኢንሱሊንን ካገኙት ሊቃውንት አንዱ የሆነው ካናዳዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ስለሆነ ነው። የሁለቱ ቀኖች መቀራረብ የዘመን አቆጣጠር አጋጣሚ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም፤ ሆኖም ልጇን ከሞት ለማዳን መንገድ የጀመረችን እናት የሚያስብ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ቢያስባቸው አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ከተገኘ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬ በዚህ ዳገት ላይ ያለ ልጅ በስኳር ሕመም ሲያዝ ዕድሉን የሚወስነው፣ እናቱ ይዛው በምትደርስበት በመጀመሪያው በር ላይ የተቀመጠው ሰው አንዲት ጥያቄ መጠየቁ ወይም መርሳቱ ነው።

በመጀመሪያው በር

በከተማችን በአዲስ አበባ ጤና ጣቢያዎች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን የካርድ ክፍሉ መስኮት ይከፈታል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው አግዳሚው ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ነርሷ ልጁን ሚዛን ላይ ታወጣዋለች፣ የሙቀት መለኪያውን በብብቱ ታገባለታለች፣ ትንሽ ከሆነም ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ባለው ጥብጣብ የክንዱን ውፍረት ትለካለች፤ ከዚያም «የእኔ እናት፣ ምን ሆነብሽ?» ትላለች። እናቲቱም እንዲህ ባለ ጊዜ የምትመልሰው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ሲስተር፣ ከሰውነቱ ጎደለብኝ፤ ሆዴን ይለኛል፣ ያስመልሰዋል፤ ከትናንት ወዲህ ደግሞ ትንፋሹ ፈጠነብኝ።»

ይህን የሰማች ነርስ የምታስበው የተማረችውንና በየቀኑ የምታየውን ነው። ማስመለሱን ለሆድ ሕመም፣ የትንፋሹን መፍጠን ለሳንባ ምች፣ መክሳቱን ለምግብ እጥረት ወይም ለወስፋት ትሰጠዋለች። በጠረጴዛዋ ላይ ያለው የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያም የሚያስጠይቃት ስለ ሳል፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ጆሮ ሕመም፣ ስለ ምግብ እጥረትና ስለ ደም ማነስ ነው። ይህን መመሪያ ማንም አያቃልለው፤ የብዙ ሕፃናት ነፍስ የተረፈው በእርሱና እርሱን በመሳሰሉ ቀላል ሥርዓቶች ነው፤ ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱትን ሕፃናት ቁጥር በሁለት ሦስተኛ ለመቀነስ ለ2015 እ.ኤ.አ. ተወስኖ የነበረውን ዓለም አቀፍ ግብ ኢትዮጵያ ቀኑ ሳይደርስ የፈጸመችውም በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን መመሪያው የተጻፈው አምስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ነው፤ የስኳር ሕመምም በውስጡ የለበትም። ሰባት፣ ዘጠኝ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ፣ ማለትም ይህ ሕመም ይበልጥ የሚያጠቃው፣ እንዲህ ያለ የተሰናዳ ጥያቄ የሚጠብቀው በር የለውም።

እናቲቱ ሳትናገረው የምትቀረው ነገር አለ። ልጁ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሌሊት እየተነሣ ከጀሪካኑ ውኃ እየቀዳ ይጠጣል፤ ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ ዓመታት ያለፉት ሆኖ ሳለ አሁን እንደገና መኝታውን ያርሳል። ፍራሹ በየጠዋቱ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይመታል፤ ታላቅ እኅቱ ትስቅበታለች፤ አባቱ ስንፍና መስሎት ተቆጥቶታል፤ መምህሩም በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ «ልውጣ» እያለ ያስቸግራል ብሎ አስጠርቶ ነግሯታል። ይህን ሁሉ እናቲቱ የምታውቀው እንደ ጠባይ ጉድለት እንጂ እንደ ሕመም ስላልሆነ፣ በሰው ፊትም የሚያሳፍር ስለሚመስላት፣ ካልተጠየቀች አትናገረውም። ቢጠይቋት ግን ወዲያው ትናገራለች፤ ይህን የሕፃናት ሐኪሞች ሁሉ ይመሰክራሉ።

> መኝታ ማርጠብ ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ከቁጣ በፊት ምርመራ ይገባዋል።

«ታይፎይድ ነው» የተባለው ልጅ

ልጁ በጤና ጣቢያ ካልዳነ ቤተሰቡ ወደ ግል ክሊኒክ ይወስደዋል፤ እዚያም ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ይሠራለትና «ታይፎይድ አለበት» ይባላል። ይህ ምርመራ ቀድሞ ከታይፎይድ ተሐዋሲ ጋር የተገናኘን ጤነኛ ሰው እንኳ ሕመምተኛ አድርጎ ሊያሳይ የሚችል በመሆኑ፣ በርሱ ብቻ የሚሰጥ ፍርድ ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ፤ በየሰፈሩ ግን ዛሬም ትኩሳትና ድካም ያለበት ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚሰማው ስም ታይፎይድ ነው። ለልጁ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ደክሟልና «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይባላል፤ ይህ በሕዝቡ ዘንድ ኃይል ሰጪ ተብሎ የሚወደድ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ስኳር ነው፤ ደሙ አስቀድሞ በስኳር ለተሞላ ልጅ የሚሰጠው እርሱው ራሱ ነው። በቤትም አያቱ አዝነው ማር በወተት ያጠጡታል፣ አጎቱ ሚሪንዳ ገዝቶለት ይመጣል። ሁሉም የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ ሁሉም ግን ያባብሱበታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በቀንና በሰዓት ነው። ልጁ ትንፋሹን ከሆዱ ጀምሮ እየሳበ በጥልቀት ይተነፍሳል፤ አፉ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል፤ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ሲጠሩትም ዘግይቶ መመለስ ይጀምራል። ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ይህን ሁኔታ፣ ማለትም ከስኳር ሕመም የተነሣ ደም በአሲድ መመረዙን፣ ዲኬኤ ይሉታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሆነ በጎንደርና በጅማ የሠሩ ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ በሀገራችን የስኳር ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቅለት ልጅ እጅግ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው እዚህ ደረጃ ላይ ደርሶ ነው። ሳይታወቅለት የቀረውን ልጅ ግን የቆጠረው የለም፤ በሳንባ ምች ወይም በማጅራት ገትር ሞተ ተብሎ ተቀብሯልና።

ሥጋ ራሱን ሲያቃጥል

ከሆድ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ፣ ከምግብ ወደ ደም የገባውን ስኳር ሕዋሳት ወስደው እንዲገለገሉበት የሚያደርገውን ኢንሱሊን ማመንጨት ነው። በልጆች ላይ ይበልጥ በሚታየው በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ ሥጋን ከተሐዋስያን ለመጠበቅ የተሠራው ኃይል ምክንያቱ ገና በሙሉ ባልተገለጠ ስሕተት በቆሽት ላይ ይነሣና ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። እነርሱ ካለቁ በኋላ ስኳሩ በደም ውስጥ ተትረፍርፎ ሳለ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ኩላሊትም የተረፈውን ስኳር ከብዙ ውኃ ጋር ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ጥማቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የተራበው ሥጋም የራሱን ስብና ጡንቻ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚህ ቃጠሎ የሚወጣው ኪቶን የተባለ አሲድ ደሙን ሲመርዘው፣ ሳንባ አሲዱን ለማስወጣት ስለሚታገል ያ ጥልቅ ትንፋሽ ይመጣል። ነርሷ ደረቱን በማዳመጫ ስታዳምጥ ሳንባው ንጹሕ ሆኖ የሚሰማት፣ ግን ትንፋሹ የሚያስደነግጣት ለዚህ ነው።

ሕመሙ ከልጁ ከረሜላ መብላት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የወላጅም የልጅም ኃጢአት አይደለም። ይህን አጥብቆ መናገር ያስፈለገው፣ ልጃቸው መታመሙን የሰሙ እናቶች በመጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ስለሆነ ነው።

ደዌው አዲስ አይደለም። የጥንት ሕንድ ባለ መድኃኒቶች ጉንዳን የሚሰበሰብበትን ሽንት አይተው ይለዩት ነበር፤ በሀገራችንም አረጋውያን ይህንኑ ምልክት ያውቁታል፤ ዛሬም በገጠር ልጁ በሸናበት ሥፍራ ጉንዳን ተሰበሰበ ብላ ወደ ሐኪም የምትመጣ እናት አለች፤ እንዲህ ያለችውን እናት ሐኪሙ ከመሳቅ ይልቅ ሊያመሰግናት ይገባል። ቀጰዶቅያዊው ሐኪም አሬታዮስም ከብዙ መቶ ዘመናት በፊት ሥጋ ቀልጦ በሽንት የሚፈስበት ደዌ አድርጎ ገልጾታል። ስሙ ቢታወቅም ፈውስ አልነበረውም፤ ልጅን በረኃብ በመጠበቅ ጥቂት ወራት ከመጨመር በቀር የሚደረግ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ከተማ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከእንስሳ ቆሽት የተወሰደውን መድኃኒት በመርፌ ተቀበለ፤ የመጀመሪያው ንጹሕ ስላልነበረ ብዙ አልረዳውም፣ ከ12 ቀን በኋላ የተሰጠው የተጣራው ግን አነሣው፤ ከዚያም 13 ዓመት ያህል ኖረ። አግኚዎቹም የባለቤትነት መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንዳንድ ዶላር ሰጡ።

ጠብታዋ

ሕመሙን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሥራ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ባለሙያው የልጁን ጣት በአልኮል ይጠርጋል፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ከጣቱ ጫፍ ጎን በኩል በትንሽ መርፌ ይወጋል፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠርጎ ሁለተኛዋን በስኳር መለኪያ መሣሪያው ላይ በተሰካው ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት፣ ስትሪፕ በሚባለው፣ ጫፍ ላይ ያስነካል፤ ስትሪፑ ደሙን ራሱ ይስበዋል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላም ቁጥሩ በመሣሪያው መስኮት ላይ ይታያል። ጤና ባለሙያዎች «አርቢኤስ ይሠራለት» ሲሉ የሚያዝዙት ይህንኑ ነው። ጥማት፣ የሽንት መብዛትና መክሳት ያለበት ልጅ ቁጥሩ 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ተቆርጧል፤ «ነገ በባዶ ሆዱ ይምጣ» ተብሎ ወደ ቤት የሚሰደድ አይደለም። ስኳሩ መሣሪያው ሊቆጥር ከሚችለው በላይ ሲሆን በቁጥሩ ፈንታ «ከፍተኛ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ብቅ ይላል፤ ይህን ያየ ጀማሪ ባለሙያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት እንዳያልፈው መማር አለበት። በሽንት የሚነከር ሌላ ወረቀት ደግሞ ቀለሙን በመቀያየር ኪቶን መኖር አለመኖሩን ይነግራል።

እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ይዘገያል? የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክንያት እንደ ነገሩ ቀላልነት ያሳዝናል። የአንዱ ፋብሪካ ስትሪፕ በሌላው መሣሪያ አይሠራም፤ መሣሪያው በስጦታ መጥቶ ስትሪፑ ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ያለውም ቢሆን ለአዋቂዎች የስኳር ክትትል የተመደበ ነውና ለሕፃን ማን ያዘዋል? በዚህ ላይ የስኳር ሕመም የሚባለው የጎልማሳና የባለጸጋ ደዌ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከሕዝቡ አልፎ በባለሙያውም ዘንድ ገና አልጠፋም።

ልጁ አንዴ ከታወቀለት ግን ይህ ዳገት የሚገኝበት የጉለሌ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ከብዙ ኢትዮጵያውያን የተሻለ ዕድል አለው። በ1961 ዓ.ም. በተለይ ለድኻው ሕዝብ እንዲያገለግል የተሠራው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው፤ ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መጠጊያ የነበረው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልም ከእንጦጦ ሥር ሆኖ ዛሬ ሰፊ ሕክምና ይሰጣል። በጥቁር አንበሳ የሕፃናት የሆርሞን ሕክምና ክትትል አለ፤ ይህን ጥበብ የተማሩ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የሕፃናት ሐኪሞች ለአፍሪካ በናይሮቢ ከተከፈተው ማሠልጠኛ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም፣ ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ የተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብርም ኢንሱሊንና መመርመሪያ ለልጆች እንዲደርስ ይረዳሉ። መንገዱ ተጠርጓል፤ ችግሩ ያለው ልጁ መንገዱ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው።

ለጎደለው ማዕድ የተገኘ ስም

በዚህ ዳገት ከነጋ እስከ መሸ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ከእነርሱም ጋር ገና አሥራዎቹን ያልዘለቁ ልጃገረዶች ይታያሉ። የእንደነዚህ ያሉ ቤተሰቦች ልጆች በስኳር ሲታመሙ ሕመሙ ሁልጊዜ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው አይገኝም። በልጅነቱ በቂ ምግብ ሳያገኝ ያደገ፣ እጅግ የከሳ ወጣት፣ ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ሳለ ኪቶን ግን የማይታይበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን ሕሙማን ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲያዩና ሲጽፉ ኖረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ብሎ ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው አልበቃም ብሎ ከመዝገቡ አወጣው። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ያለ ስም ከቆየ በኋላ፣ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀበለው።

ስም ማግኘቱ ከንቱ ነገር አይደለም፤ ስም የሌለው ደዌ መመሪያም በጀትም የለውምና። እንዲህ ያለውን ልጅ እንደ አንደኛው ዓይነት ቆጥሮ ብዙ ኢንሱሊን መስጠት፣ በተለይ እራት በማይገኝበት ቤት፣ ስኳሩን ከመጠን በታች አውርዶ በእንቅልፉ ሊገድለው ይችላል። ከኢንሱሊኑ አስቀድሞ ማዕዱ መጠየቅ አለበት።

ጸበሉና መርፌው

በእንጦጦ ዙሪያ ስለ ሕመም ሲጻፍ ጸበሉን ማለፍ አይቻልም፤ ምእመናን ከየሀገሩ ለፈውስ የሚመጡበት ተራራ ነውና። እኔም ይህን ጉዳይ የማነሣው በአክብሮት ነው። እናት በታመመ ልጇ ስም ወደ እግዚአብሔር መጮኋን የሚነቅፍ ሐኪም ካለ የሙያውን ግማሽ አላወቀም። አደጋው ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸውም መርፌውን በማቋረጥ ነው።

ኢንሱሊን የጀመረ ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብዙ ጊዜ እጅግ ይሻለዋል። ቆሽቱ ውስጥ የተረፉት ጥቂት ሕዋሳት ዕረፍት አግኝተው ለጊዜው ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ፣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ይቀንሳል፤ በአንዳንዱም ላይ ፈጽሞ የማያስፈልገው እስኪመስል ይወርዳል። ይህ ጊዜ ወራት ሊቆይ ይችላል። በዚህ መካከል ጸበል የገባ ልጅ ቤተሰብ «ልጃችን ዳነ» ብሎ መርፌውን ቢያቆም ማን ይፈርድበታል? ሐኪሙ አስቀድሞ «እንዲህ ያለ ጊዜ ይመጣል፣ ያልፋልም፤ እንዳትታለሉ» ብሎ አልነገራቸውማ። ጊዜው ሲያልፍ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ መርፌ የሌለው ልጅም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሞት ይደርሳል።

> ለወላጆች አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር፦ ልጁ የዳነ የሚመስልበት ወራት ይመጣል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ መንገድ አላጣችም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ በእንጦጦ ጸበልተኞች መካከል ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንና ጸበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፤ ያ ቃል የብዙዎችን ነፍስ አትርፏል። ስለ ጾምም ፍትሐ ነገሥት ሕሙማንን ከግዴታው ነጻ ያደርጋል። አስተዋይ የንስሐ አባቶች ልጁ መርፌውን ወግቶ በሰዓቱ እንዲበላ፣ በጾም ፈንታ ጸሎት እንዲያደርግ ያዝዙታል። በአንጻሩ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ይጹም የሚለውን ልማድ ብቻ ይዘው ሕመሙን የማይጠይቁም አሉ። «አባ፣ ልጄ ስኳር አለበት» ስትለው የአጥቢያዋ ካህን «መርፌውን እንዳታቋርጪ፤ ጸበሉንም ጠጪለት» የሚላት እናት፣ ሐኪሙ በአሥር ቀጠሮ የማያገኘውን ሰላም ታገኛለች።

ዝም ያለው ሕፃንና ጠማማው እግር

የዘገየ ምርመራ የሚጎዳው ስኳር የያዘውን ልጅ ብቻ አይደለም። እንቅርት ዕጢ ሳይኖረው ወይም ሳይሠራለት የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመሰገን ልጅ ነው፦ አያለቅስም፣ ብዙ ይተኛል፣ እናቱን አያስቸግርም፤ ጎረቤት «ጨዋ ልጅ ሰጠሽ» ይላታል። የዓይኑ ቢጫነት ቶሎ አለመልቀቁን፣ የሆዱን ድርቀት፣ የምላሱን ትልቅነትና የድምፁን ሻካራነት የሚያስተውል ሰው ካልተገኘ አእምሮው ዕለት በዕለት ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከታወቀ ግን አንዲት ትንሽ ኪኒን በየቀኑ ተፈጭታ መሰጠቷ እንደ እኩዮቹ ያሳድገዋል። ሮበርት ጋትሪ የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከሕፃን ተረከዝ የተወሰደች ጠብታ ደም በወረቀት አድርቆ ሌላ የተፈጥሮ ሕመም መለየት እንደሚቻል ካሳየ በኋላ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ ሀገር ለእንቅርት ዕጢም ሥራ ላይ ውሏል። በሀገራችን ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የሚደርስ ሥርዓት ሆኖ ገና አልተዘረጋም።

አጥንትን አለስልሶ እግርን የሚያጣምመው ሪኬትስ ደግሞ የዚህች የፀሐይ ሀገር እንቆቅልሽ ነው። ሕፃኑን ምች ይመታዋል፣ ዓይነ ሰብ ያየዋል ብለው በጨለማ ቤት የሚሸሽጉት ቤተሰቦች፣ ጠባብ ግቢና ፎቅ ቤትም፣ አጥንቱን ከሚያጠነክረው ከፀሐይ ብርሃን ይለዩታል። ዶክተር ሉሉ ሙሔና ዶክተር ስለሺ ሉልሰገድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ እንዳለባቸው፣ ሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ሳል ይዞት የመጣውን ሕፃን አንጓውንና የጎድኑን አጥንት ሳይዳስስ የሚመልስ ሐኪም፣ የሕመሙን ሥር ትቶ ቅርንጫፉን አከመ ማለት ነው።

በሕፃናት ምግብና ጤና ላይ መመራመር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ለሀገሪቱ ያበረከተው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት አመጋገብ ክፍል በኋላ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆኖ፣ ዛሬ ሕዝቡ ፓስተር እያለ በሚጠራው በጉለሌው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃሏል። ለእንቅርት ዕጢ የሚያስፈልገው አዮዲን ያለበት ጨው እንዲሸጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ደንብ የመሰለ እርምጃ እንዲወሰድ ያስቻለው እንዲህ ያሉ ተቋማት ለዓመታት የሰበሰቡት ዕውቀት ነው። ከቁስቋም ብዙ በማይርቅ ሥፍራ የሀገሪቱ ትልቁ የጤና ላቦራቶሪ ተቀምጦ ሳለ፣ በዳገቱ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ስትሪፕ ማጣቱ ከቶ ሊለመድ የማይገባው ነገር ነው።

በጉርምስና ደጃፍ

ታውቆለት ያደገ ልጅ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ሌላ ትግል ይጠብቀዋል። የጉርምስና ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ኃይል ስለሚቃወሙ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃም። አንዳንዷ ልጅ በትምህርት ቤት መጸዳጃ ውስጥ ተደብቃ ትወጋለች፤ ጓደኞቿ መርፌውን ቢያዩ ሌላ ነገር ያስባሉ ብላ ትፈራለች፤ አንዳንድ እናትም ስሙ ከወጣ ወደ ፊት የሚያገባት አይገኝም ብላ ከዘመድ ሳይቀር ትሸሽጋለች። ልጁ ከእኩዮቹ ያጠረ፣ ጉርምስናውም የዘገየ እንደሆነ የስኳሩ ቁጥጥር ለዓመታት ጥሩ እንዳልነበረ ምልክት ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ያህል የስኳር መጠን በአማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ማሠራት የሚችለው ወላጅ ጥቂት ነው።

ቤቱ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ኢንሱሊኑን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በውኃ በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ያኖረዋል። የእንጦጦ ብርድ በዚህ ረገድ ይረዳል፤ ቆላ ያለው ወገናችን ይህ በረከት የለውም። በሌላው የከተማው ጫፍ ደግሞ ለስላሳና የታሸገ ምግብ ያወፈራቸው፣ የአንገታቸው ቆዳ የጠቆረባቸው ወጣቶች፣ ቀድሞ የአዋቂ ብቻ ይባል የነበረው ሁለተኛው ዓይነት እየታየባቸው ወደ ሐኪም መምጣት ጀምረዋል።

ጤና ሚኒስቴርና የከተማው ጤና ቢሮ የሚጠየቁት ነገር ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ከአምስት ዓመት በላይ ላለው ልጅ በየጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የተሰናዳ የጥያቄ ወረቀት፣ በእርሱም ላይ «ውኃ ያበዛል? ሽንት ያበዛል? መኝታውን ማርጠብ እንደገና ጀምሯል?» የሚሉ ጥያቄዎች፣ አዎ ከተባለም በዚያው ሰዓት የሚሠራ የጣት ምርመራ፣ ለዚህም የማይቋረጥ ስትሪፕ ይመደብ። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም፣ በየክፍሉ ያለው መምህርም እነዚሁን ጥያቄዎች ይወቋቸው። ይህን የምታነብቡ ወላጆች ግን ወረቀቱ እስኪጻፍ አትጠብቁ። ልጃችሁ ውኃ ካበዛ፣ ሽንት ካበዛ፣ እየበላ ከከሳ፣ ለነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱትና «ስኳሩ ይታይልኝ» በሉ፤ ካልታየለትም ከዚያ አትነሡ።